ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ትምህርት አመጣጥ

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት በአገራችን ከአንድ ጎልማሳ ዕድሜ የማይበልጥ ሲሆን፣ ምግባሩ ግን ትምህርቱን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድመዋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ተራራ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል፤ ዙሪያው ታርሶ በተራቆተው በሰሜኑ ደጋም ወይራና ዝግባ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ተጠልለው ሊኖሩ የቻሉት፣ ዐፀዱን የመቅደሱ ልብስ ነው ብለው ከምሳር የጠበቁት ካህናትና ምእመናን ስለ ነበሩ ነው። በደቡብ ደግሞ የኮንሶ ሰዎች ቁልቁለቱን በድንጋይ እርከን እየካቡ ለልጅ ልጅ አውርሰውታል፤ ይኸንንም ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ቅርስ መዝገብ አግብቶታል። ከእነዚህ ሁሉ ጠባቂዎች ዲፕሎማ የነበረው አንድም ሰው አልነበረም።

በ1944 ዓ.ም. ከኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ውል መነሻነት የተቋቋመውና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1950 ዓ.ም. መርቀው የከፈቱት የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ ዐፈርን ያስተማረው ምርት እንዲበዛበት እንጂ ጥበቃውን ራሱን የቻለ ሙያ አድርጎ አልነበረም። ጥበቃን ሙያ ያደረገው መከራ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የወረደው ረኀብ የተራቆተውን ተራራ ለባለሥልጣንም ለለጋሽም ገሃድ ካወጣው በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የገበሬ ማኅበራትን አቋቋመ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ስንዴና ዘይት ሲያቀርብም በየተራራው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ለእርከን ተሰለፈ። ሕዝቡ ሲሰለፍ ግን የት እንደሚቆፈር የሚያሳየው ባለሙያ እጅግ ጥቂት ነበር። በስዊድን ርዳታ የወንዶ ገነት የደን ተቋም በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ሆኖአል።

የዚያ ዘመን ተማሪ በእጁ ይዞት የወጣው መሣሪያ ከሁለት ዘንግ፣ ከዐሥር ሜትር ሲባጎና ከአንዲት የውሃ ልክ አያልፍም ነበር። ሁለት ሰዎች ዘንጎቹን አቁመው ሲባጎውን ይወጥራሉ፤ ሦስተኛው በሲባጎው መካከል የተንጠለጠለችውን የውሃ ልክ እያየ «ውጣ፣ ውረድ» ይላል፤ አረፋዋ መሐል ላይ ስትረጋ ችካል ይመታል። ዝናም በሚያንስበት አገር እርከኑ ውሃውን እንዲይዝ ልኩ ይስተካከላል፤ ዝናም በሚበዛበት በጎጃም ግን ጎርፉ ወደ ቦይ እንዲወርድ በመጠኑ ያዘነብላል። ይህ ልዩነት በግምት የተነገረ አይደለም፤ የእርሻ ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎች ሥፍራዎች በ1970ዎቹ ባቋቋማቸው ጣቢያዎች ዝናሙም የሚታጠበውም ዐፈር ዓመት ከዓመት ይለካ ነበር። የምርምሩ መሪ ሃንስ ሁርኒ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ዐፈር እንደሚታጠብ የገመቱትም ከዚህ ሥራ ተነሥተው ነው።

ይሁን እንጂ ልኩ ያልሳተው እርከን በገበሬው ልብ ስቶ ነበር። ጠመዝማዛው ካብ በሬ ለማዞር አያመችም፤ ከማሳው ወርድ ይወስዳል፤ በድንጋዩ ውስጥም አይጥ ይራባል፤ እነዚህን ሦስት አቤቱታዎች የሰማ ባለሙያ አልጠፋም፣ በሪፖርቱ ውስጥ ያሰፈራቸው ግን ጥቂት ነበር፤ የሚጠየቀው ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ ተብሎ ነበርና። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በትእዛዝ የተካበው እርከን በብዙ ሥፍራ ፈረሰ፤ የማኅበር ደን የተባለውም ተጨፈጨፈ። እኔ እንደምፈርደው ጥፋቱ ያለው በገበሬው ላይ ሳይሆን ከውሃ ልኩ በቀር ሌላ ባላስተማረው ትምህርት ላይ ነው።

የምሩቁ እንጀራም ከዚሁ ታሪክ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። በደርግ ዘመን ተመራቂው ምደባውን ከመንግሥት ይቀበል ነበር። በ1990ዎቹ በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች፣ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት እንዲመደቡ ሲወሰን፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በብዛት አስመረቁ፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ለተፋሰስ ሥራ ባለሙያ ፈለገ። በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲው ሲበዛ የወረዳው ወንበር አብሮ አልበዛም፤ ብዙ ምሩቅ የቅጥር ማስታወቂያ ሲያነብ ይውላል። የመንግሥት ደጅ ብቻ ግን አይደለም፤ ብሔራዊ ፓርኮች፣ የምርምር ማእከላት፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሥራና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች አሉ። በወላይታ ሁምቦ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ጉቶው በእንክብካቤ እንዲያቈጠቍጥ ተደርጎ ለካርቦን ገበያ ከቀረበ ወዲህም፣ ዛፍ መለካትና የካርታ ሶፍትዌር ማወቅ የሚያስቀጥር ችሎታ ሆኖአል።

እንግዲህ ይህን የትምህርት ክፍል ልትመርጥ የምታስብ ወጣት፣ የዐፈር ኬሚስትሪውን እንደ ወደድህ ሁሉ ካርታ ሥራውን አጥብቀህ ያዝ፤ ልምምድ በምትወጣበትም ጊዜ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ይልቅ ከገበሬው ማሳ ዋል። እርከን ደልድሎ ማሳ እስኪሆን ብዙ ክረምት ይፈልጋልና፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቶችም አንዱን ባለሙያ ገና የተፋሰሱን ሰዎች ስም ሳያውቅ ወደ ሌላ ቀበሌ ማዘዋወራቸውን ቢተዉ ይገባል።