አዲስ ዘፈን ከወዴት ይገኛል?

ዛሬ ስልካችን ይመርጥልናል፤ የሚመርጠው ግን ትናንት የወደድነውን የሚመስለውን ነው። አባቶቻችን ዘመን ነገሩ ሌላ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሥ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ግን «የመጣው ይምጣ!» ባለ ልብ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። እሱ ባይደፍር ኖሮ ያ ዘመን ለኛ ዝም ባለ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1974 አብዮቱ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ አምሃ ተሰደደ። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ ሲያዳክም ዘፈን በካሴት ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ታዲያ እኛስ? አዲስ ዘፈን የሚገኘው ከሌላ ሰው ጆሮ ነው። እስቲ ዛሬ ማታ አባቶቻችንን «ምን ትሰሙ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ቁም ሳጥን ሥር የታሰረ ካሴት ካለ ይፈታ!