ስለ ርስቱ የተሟገተ አትክልተኛ

ከተማ የሰው ስም ተሸክሞ ይኖራል፤ ነገር ግን ስም ማስጠራት ሌላ፥ መከበር ሌላ ነው። ይህን እናስተውል ዘንድ፥ በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ምሥራቅ ጠረፍ በኵዊንስላንድ ከምትገኘው ከታውንስቪል ከተማ የሁለት ሰዎችን ታሪክ ባጭሩ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱን የቈጠርሁት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ሮበርት ታውንስ የተባለ የሲድኒ ነጋዴ ነው። ከተማይቱ በ1860ዎቹ ስትቈረቈር ገንዘቡን ስላወጣባት በስሙ ተጠራች። ይህ ሰው በ1863 ከደቡብ ባሕር ደሴቶች 67 ሰዎች በመርከብ አስመጥቶ በጥጥ እርሻው ላይ በጥቂት ዋጋ አሠራቸው። የእርሱን ፈለግ የተከተሉ ባለ እርሻዎች ብዙ ሺህ የደሴት ሰዎች አመጡ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ተታለው ወይም ተገድደው የመጡ ነበሩ።

ሁለተኛው ኤዲ ኮይኪ ማቦ ይባላል። በ1936 በቶረስ ሰርጥ፥ መር በምትባል ትንሽ ደሴት ተወለደ። በዚያች ደሴት እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የርስቱን ድንበር ያውቃል፤ የማሎ ሕግ በሚሉት የአባቶች ሥርዓትም የሌላውን እርሻ መንካት ነውር ነው። ማቦ በወጣትነቱ ደሴቲቱን ለቆ ወደ ዋናው ምድር ተሻገረ፤ ኋላም በታውንስቪል በጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ አትክልተኛ ሆነ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱም እየገባ ስለ ወገኖቹ የተጻፈውን ያነብ ነበር።

በ1974 ገደማ ሄንሪ ሬይኖልድስና ኖኤል ሉስ ከተባሉ ሁለት የታሪክ መምህራን ጋር ሲጫወት፥ በመር ስላለው ርስቱ አነሣ። እነርሱም ያ ምድር በሕግ ፊት የእንግሊዝ ዘውድ እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ነገሩት። እንግሊዞች የአውስትራሊያን ምድር ባለቤት እንደሌለው ቈጥረው ይዘውት ነበርና ማቦ እጅግ ደነገጠ። ርስት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚከነክን ማንም አያስረዳውም።

ወጣቶች ሆይ፥ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ወይ ይራገማል፥ ወይ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ማቦ ግን ጠየቀ፥ አነበበ፥ ጠበቃም ፈለገ፤ በ1982 ከአራት የአገሩ ልጆች ጋር ሆኖ ክስ መሠረተ። ሙግቱ ዐሥር ዓመት ፈጀ። በ1985 የኵዊንስላንድ ምክር ቤት የደሴቱን ሰዎች መብት ካለፈው ዘመን ጀምሮ የሚሰርዝ ሕግ አወጣ፤ ይህንም በ1988 የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሻረው። ከሁሉ የከበደው ግን በ1990 የደረሰበት ነው፤ ማስረጃውን የመረመሩት ዳኛ ማቦ የአሳዳጊ አባቱ ወራሽ ነኝ ማለቱን አልተቀበሉትም። ሆኖም ክሱ የሕዝቡ ጭምር ነበርና ቀጠለ።

ማቦ በ1992 መጀመሪያ በ55 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። አምስት ወር ሳይሞላው ከሰባቱ ዳኞች ስድስቱ የመር ምድር የመር ሕዝብ ነው ብለው ፈረዱ፤ አውስትራሊያ ባለቤት አልነበራትም የሚለውም አሳብ ወደቀ። በ1993 የቀደሙት ነዋሪዎች የመሬት መብት በሕግ ጸና።

ጥላቻ ግን በፍርድ ብቻ አይጠፋም። በ1995 በታውንስቪል የመቃብር ሐውልቱ በተመረቀበት ሌሊት ሰዎች አበላሹት፤ ዐፅሙም ወደ መር ተወስዶ ባገሩ ዐረፈ። በ2008 ደግሞ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ተሰየመ።

ታውንስ ስሙን በገንዘቡ አገኘ። ማቦ ግን ለራሱ የለመነው ሳይሰጠው፥ የደከመበትን ፍሬ ሌሎች በሉት። እኔ ለልጅ አርአያ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን አትክልተኛ ነው፤ የተበደለ ሰው በመጽሐፍና በሕግ መሟገት እንዲችል አሳይቶአልና።