ከጡት እናት እስከ ማለቢያ መሣሪያ፦ ቸል ስለተባለ አንድ ታሪክ

በፖለቲካ መድረኮቻችን «የእናት ጡት ነካሽ» የሚለውን ስድብ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አገሩን ከዳ፣ ወገኑን ሸጠ የተባለ ሁሉ በዚህ ስም ይወገዛል። ስድቡ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው ጡት በባህላችን ከምግብነት ያለፈ ቃል ኪዳን ስለሆነ ነው። ነገር ግን በምሳሌው እንዲህ የምንራቀቅ ሰዎች ስለ ወተቱ ስለ ራሱ፣ ማለትም እናት ሥራ ስትውል ልጁ ምን ይጠጣል ስለሚለው ጥያቄ፣ ብዕር አንስተን ስንከራከር አይቼ አላውቅም። ጉዳዩ «የሴቶች ነገር» ተብሎ ለጓዳ ተትቷል። በእኔ እምነት ግን የሥራ፣ የሕግና የፍትሕ ታሪክ ነው። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሳሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እስቲ ከራሳችን እንጀምር። በአገራችን ያልተዛመዱ ሰዎች በጡት ይዛመዱ ነበር። ማር በጡት ወይም በአውራ ጣት ላይ ተቀብቶ ይጠባል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ የጡት አባት፣ ሌላው የጡት ልጅ ይሆናል። ይህ ልማድ ሕፃናትን ለማሳደግ ብቻ ሳይሆን አዋቂዎች ጥበቃና ወገን የሚያገኙበት ፖለቲካዊ ውልም ነበር። በእስልምናም የጡት ዝምድና ከሥጋ ዝምድና ጋር ይቆጠራል። ነቢዩ ሙሐመድን ያጠባቻቸው ሐሊማ በክብር ትታወሳለች፤ ቁርኣንም በአን-ኒሳእ ምዕራፍ ያጠባች እናትንና የጡት እህትን ማግባት ይከለክላል። ስለዚህ ወተት ማን ከማን ተቀበለ የሚለው ነገር ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

በአውሮፓ ግን ዝምድናው ሳይሆን ገበያው ገነነ። የፓሪስ ከተማ ነዋሪ ልጁን ለገጠር አጥቢ ሴት በክፍያ መስጠቱ ለዘመናት የተለመደ ነበር። ንግዱን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት በ1769 (እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ተቋቋመ፤ በ1874 ደግሞ በአጥቢዎች ዘንድ የሚቀመጡ ሕፃናትን ደኅንነት የሚመለከት የሩሰል ሕግ ወጣ። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ክፍያ እንኳ አልነበረም፤ በባርነት የተያዙ ጥቁር እናቶች የጌቶቻቸውን ልጆች እንዲያጠቡ ይገደዱ ነበር። ለመሆኑ የአጥቢዋ የራሷ ልጅስ ማን አጠባው? የዚህ ታሪክ ቁልፍ ጥያቄ ይህ ነው። ወተቱ ከሴትየዋ ሊለይ ባልቻለበት ዘመን ወተቱን የፈለገ ሴትየዋን ራሷን ይወስዳል፤ ሴትየዋ ስትወሰድ የእርሷ ልጅ ይቀራል።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛው ወተቱን መተካት ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ በ1865፣ ሄንሪ ኔስሌ ደግሞ በ1867 የሕፃናት ምግብ አዘጋጁ። ይህ መንገድ እናት ለሌላቸውና ማጥባት ለማይችሉ ሕፃናት የሕይወት መትረፊያ መሆኑን መካድ አይገባም። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ሲስፋፋ ግን ጉዳቱ ከባድ ሆነ። ሐኪሟ ሲስሊ ዊሊያምስ በ1939 በሲንጋፖር በዚህ ምክንያት የሚደርሰውን የሕፃናት ሞት ከግድያ ጋር አነጻጽራ ተናገረች። በ1977 በአሜሪካ በኔስሌ ምርቶች ላይ እቀባ ተጠራ፤ በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ተኪ ምግቦችን ሽያጭ የሚገዛ ደንብ አጸደቀ።

ሁለተኛው መንገድ ወተቱን ከእናቲቱ ለይቶ ማቆየት ነው። አሜሪካዊው ኦርዌል ኒድሃም በ1854 የጡት ማለቢያ መሣሪያ ፈጠራ መብት አስመዘገበ። በ1920ዎቹ ኤድዋርድ ላስከር፣ በቼዝ ተጫዋችነቱ የሚታወቀው መሐንዲስ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሠራ። ስዊድናዊው መሐንዲስ አይናር ኤግኔል በ1956 ጡትን ሳይጎዳ እየሳበ እየለቀቀ የሚያልብ መሣሪያ አበረከተ። በመጀመሪያ ጊዜ እነዚህ መሣሪያዎች የሆስፒታል ዕቃዎች ነበሩ፤ ዓላማቸውም ያለጊዜያቸው ተወልደው መጥባት ያልቻሉ ጨቅላዎችን ማትረፍ ነበር። በ1909 በቪየና ቴዎዶር ኤሸሪክ የመጀመሪያውን የእናት ጡት ወተት ባንክ ከፈተ። በ1934 በካናዳ አምስቱ የዲዮን መንትዮች ሲወለዱ ወተት ከቶሮንቶ በባቡር ይላክላቸው ነበር፤ አምስቱም ተረፉ። አጥቢዋ መወሰዷ ቀርቶ ወተቱ ብቻ መጓዝ ጀመረ ማለት ነው።

የወተት ባንኩ ግን ሌላ ጥያቄ አስነሳ። የማን ወተት መሆኑ ሳይታወቅ የጡት ዝምድና እንዴት ይጠበቃል? ጅዳ ያለው ዓለም አቀፍ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1985 ባንኩን አልፈቀደም፤ የአውሮፓ የፈትዋና የምርምር ምክር ቤት በ2004 ለሚያስፈልጋቸው ጨቅላዎች ፈቀደ። በምዕራቡ ዓለም የሚኖሩ ሙስሊም ወገኖቻችን ይህን ልዩነት ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ቢያውቁት መልካም ነው።

ማለቢያው ከሆስፒታል ወጥቶ በእናቶች የሥራ ቦርሳ ውስጥ የገባው በተለይ በ1990ዎቹ ነው። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም። አሜሪካ በ1993 ያወጣችው የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ነው፤ ያለ ደመወዝ መኖር የማይችል ደግሞ ቶሎ ይመለሳል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1919 የመጀመሪያ ጉባኤውን ሲያደርግ፣ የምታጠባ ሠራተኛ በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ዕረፍት ይሰጣት የሚል ስምምነት አጽድቋል። ጉባኤው የተካሄደው የት ነው? ዛሬ ከእኛ ወገን እጅግ ብዙው በሚኖርባት በዋሽንግተን ከተማ! አሜሪካ ስምምነቱን አላጸደቀችም። ለምታልብ ሠራተኛ ጊዜና ከመጸዳጃ ቤት የተለየ ስውር ቦታ እንዲሰጥ የሚያዝ የፌዴራል ሕግ የመጣው ከ91 ዓመት በኋላ በ2010 ነው። በ2022 ማብቂያ የወጣው ሕግ ደግሞ መምህራንና ነርሶችን ጨምሮ ብዙዎችን አካተተ። ሕጉ የሚጠብቀው ተቀጣሪን ስለሆነ በራሷ መኪና በግል ተቋራጭነት የምትሠራ ሾፌር እህታችን ግን ከጥላው ውጭ ናት። በአንጻሩ በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ድሃዋ አገር ቢያንስ በወረቀት ከሀብታሟ ቀድማለች።

ስለዚህ መሣሪያው በረከት ቢሆንም ለእናትየዋ ሊሰጣት የሚገባውን ጊዜ እንዳይተካ መጠንቀቅ አለብን። ማሽን ወተቱን ያወጣል እንጂ እናትን ልጇ ዘንድ አያደርሳትም።

እስከዚያው ግን ብዙዎች የሚያልቡ ስለሆነ ሳይንሱ የሚለውን በአማርኛ ማስቀመጡ አይከፋም። ከማለብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ወተት የነካውን የመሣሪያ ክፍል በተጠቀሙ ቁጥር ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል መመሪያ እንደሚለው አዲስ የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን፣ በበረዶ ቤት ደግሞ ቢበዛ እስከ 12 ወር ይቆያል፤ በ6 ወር ውስጥ መጠቀም ግን ይመረጣል። ዕቃው ላይ የታለበበትን ቀን መጻፍና የቆየውን ማስቀደም፣ ከፍሪጅ በር ይልቅ ወደ ውስጥ ማስቀመጥ፣ የሚቀዘቅዘው ስለሚሰፋ ዕቃውን እስከ አፉ አለመሙላት ተገቢ ነው። በረዶው በፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ ወተት ሙሉ በሙሉ ከሟሟ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ እንደገና በረዶ አይደረግም። ማይክሮዌቭ አንዱን ቦታ አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ስለሚተው የሕፃኑን አፍ ሊፈጅ ይችላል፤ ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆም ይበቃል። ሕፃኑ ጀምሮ የተወው ትርፍ ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ፍሪጅ በሌለበት ቤትም ቢሆን በንጹሕ እጅ በንጹሕ ኩባያ አልቦ በጊዜው ማጠጣት ይቻላል።

ወደ ቁልፉ ጥያቄ ልመለስ። የአጥቢዋ ልጅ ዘመን አልፏል የምንል ከሆነ ወደ ዓረብ አገሮች እንመልከት። ጨቅላዋን ለእናቷ ትታ የሰው ልጅ ለማሳደግ የሄደች እህታችን ወተቷ ባይወሰድም ጊዜዋ ተወስዷል። ለእርሷ ማለቢያም ማቀዝቀዣም መፍትሔ አይሆናትም፤ ባሕር የሚያሻግር ወተት የለም።

በእጃችን ያለውን ግን እንሥራ። የምግብ ቤት፣ የነዳጅ ማደያና የንግድ ድርጅት ባለቤት የሆንን ወገኖች የምናሠራቸውን እናቶች መብት ለማክበር ክስ መጠበቅ የለብንም። የማኅበረሰብ አዳራሾቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ ቁልፍ ያለው ክፍል፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያና ትንሽ ፍሪጅ ቢያዘጋጁ ወጪው የአንድ ዝግጅት ትርፍ አይሞላም። ባሎችም ዕቃውን ማጠብ አያዋርደንም። የእናት ጡት የሚነከሰው በምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ማለብ የሚገባትን እናት ጊዜና ቦታ ስንነፍጋት እኛም ነካሾች ነን።

ቸር ይግጠመን።