የሞተር ትንፋሽ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ

የምሥራቅ ጎጃም የተሽከርካሪ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በመንገድና በድልድይ በኩል ሲሆን፣ ሞተሩ ራሱ በዚያ ከፍታ እንዴት ይተነፍስ እንደነበር እምብዛም አይነሳም። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ በመሆናቸው፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየምቱ የሚስበው አየር ያነሰ፣ የሚሰጠውም ጉልበት የቀነሰ ይሆናል። የአካባቢው የመጓጓዣ ታሪክ እንደሚያመለክተው፣ በእንዲህ ያለ አገር ሞተር የሚመዘነው በሚደርስበት ከፍተኛ ጉልበት ሳይሆን ገና በዝቅተኛ ዙር በሚሰጠው ጉልበት ነው። ይህ መመዘኛ ከዚህ አገር ርቆ የተወለደውን የሮታሪ ሞተር ለመመርመርም ያገለግላል።

ሞተር ከመምጣቱ በፊት የአካባቢው ጭነት በበቅሎ፣ በአጋሰስና በአህያ ይጓጓዝ ነበር፤ የሞጣን አገር ከበጌምድር ጋር ለማገናኘት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውና ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለው የዓባይ መሻገሪያም የታሰበው ለእግረኛና ለጭነት ከብት ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ቢደርስም፣ ከባድ መኪና በብዛት ወደ አገሪቱ የገባው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ቢቸናና አካባቢው የበላይ ዘለቀ የአርበኝነት ቀጠና ስለነበረ፣ በዚያ ወገን የመኪና መንገድ ለወራሪው ከንግድ ይልቅ የጦር ጉዳይ ነበር።

ከነጻነት በኋላ የጭነቱን ሥራ በስፋት የያዙት የጣሊያን ናፍጣ መኪናዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም በሾፌሮች ዘንድ ኤንትሬ በሚል ስም የታወቀው ፊያት 682 ኤን 3 ከሁሉ ይበልጥ ስሙ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው አምቼ የተባለ የመኪና መገጣጠሚያም የፊያትን መኪናዎች እዚሁ መገጣጠም ጀመረ። የኤንትሬ ሞተር ስድስት ሲሊንደርና ከ10 ሊትር በላይ ይዘት ያለው፣ ነገር ግን ቱርቦ የሌለው ስለነበረ የአየሩን መሳሳት የሚያካክሰው በግዙፍነቱና በዝግታው ብቻ ነበር። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ጤፍ ጭኖ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያመራ መኪና በዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ መውጣት ነበረበት፤ ዳገቱ ላይ ወደ ሞተሩ የሚረጨው ናፍጣ ሳይቀንስ አየሩ ብቻ ስለሚያንስ ያልተቃጠለው ነዳጅ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ መኪናው ሲቆምም ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። በደጋው ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ፣ ክዳኑ ግፊት የማይዝ ራዲያተርም ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይፈላል።

ለአየሩ መሳሳት መፍትሔ የሆነው ቱርቦ፣ ማለትም በጭስ ማውጫው በሚወጣው ጋዝ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የተፀነሰው እ.ኤ.አ. በ1905 በስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ ነው። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1918 የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ በቱርቦ በመፈተን፣ መሣሪያው በከፍታ የሚጠፋውን ጉልበት እንደሚመልስ አሳየ። ይሁንና ቱርቦ ለመሽከርከር በቂ የጭስ ፍሰት ይፈልጋል፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ይህ ፍሰት ስለሚያንስ፣ መኪናው ገና ሲነሳ የሚገኘው ጉልበት የሞተሩ የራሱ ትንፋሽ ብቻ ነው።

የሮታሪ ሞተር ታሪክ ይህንኑ ነጥብ አጉልቶ ያሳያል። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ከኤን ኤስ ዩ ኩባንያ ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1957 በሙከራ ባስነሳው በዚህ ሞተር ውስጥ፣ ወደላይና ወደታች በሚመላለስ ፒስተን ፋንታ ሦስት ማዕዘን ያለው ሮተር ይዞራል፤ ቫልቭ ስለሌለውም የአየር ማስገቢያና የጭስ ማውጫ በሮቹን፣ ማለትም ፖርቶቹን፣ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ሮተሩ ራሱ ነው። ከዚህ የተነሳ የበሩ ቅርጽና ቦታ ሞተሩ በየትኛው ዙር በደንብ እንደሚተነፍስ ይወስናል። ኤን ኤስ ዩ የማስገቢያውን በር በሮተሩ ቤት ዙሪያ ላይ ሲያደርግ፣ ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ ባቀረበው ኮስሞ በጎን ሳህኑ ላይ አደረገው፤ የጎን በር የላይኛውን ጉልበት በጥቂቱ ቢቀንስም በዝቅተኛ ዙር ሞተሩን ያረጋጋል። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1982 በዚህ ሞተር ላይ ቱርቦ ከጨመረ በኋላ፣ ባለሙያዎች በሩን በመሞረድ የሚያሻሽሉባቸው ስልቶች ይበልጥ አከራካሪ ሆኑ።

ከስልቶቹ ቀላሉ ስትሪት ፖርት ነባሩን በር በመጠኑ ማስፋት ነው። ብሪጅ ፖርት ከነባሩ በር አጠገብ ሁለተኛ ስንጥቅ መክፈትና በመካከላቸው የሮተሩን ማሸጊያ የሚደግፍ ቀጭን ብረት መተው ሲሆን፣ ፔሪፌራል ፖርት ደግሞ በሩን እንደ ኤን ኤስ ዩ በሮተሩ ቤት ዙሪያ ላይ መክፈት ነው። በሩ በሰፋ ቁጥር የማስገቢያውና የማውጫው በሮች አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ይረዝማል። ቱርቦ በሌለበትና ዙሩ ሁልጊዜ ከፍተኛ በሆነበት ውድድር ይህ ይጠቅማል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የሌ ማንን ውድድር ያሸነፈው የማዝዳ 787ቢ ባለ አራት ሮተር ሞተር ቱርቦ የሌለውና ፔሪፌራል ፖርት ያለው ነበር። ቱርቦ ሲኖር ግን ከቱርቦው በፊት የሚጠራቀመው የጭስ ግፊት ከሚገባው አየር ግፊት ሊበልጥ ስለሚችል፣ በሮቹ አብረው ሲከፈቱ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሞተሩም በዝቅተኛ ዙር ይንገዳገዳል። አየሩን ቱርቦው ራሱ ስለሚገፋ፣ ለመንገድ መኪና ብዙውን ጊዜ ስትሪት ፖርት ይበቃል።

ይህ ፍርድ በቢቸናና በሞጣ ከፍታ ሲመዘን ይበልጥ ይጠነክራል። አየሩ በሳሳበት አገር ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በፍጥነት መዞር ስላለበት ዘግይቶ ይነሳል፤ ብሪጅ ወይም ፔሪፌራል ፖርት የታችኛውን ጉልበት በተጨማሪ ሲወስድበት፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ከቆመበት የሚነሳበትን አቅም ያጣል። የተሞረደ ብረት ደግሞ አይመለስም፤ ምርጫው ከተሳሳተ ሳህኑን ወይም የሮተሩን ቤት ከመለወጥ በቀር መንገድ የለም። የኤንትሬ ሾፌሮች በትልቅ ይዘትና በዝግተኛ ዙር ያገኙትን ጉልበት፣ ቱርቦ ያለው የሮታሪ ሞተር ባለቤት ሊያገኝ የሚችለው በሩን ከመጠን በላይ ባለማስፋት፣ ቱርቦውንም ቶሎ የሚነሳ መካከለኛ መጠን ያለው በማድረግ ነው።