የሰው ኃይል ዕቅድና የገጠር ሙያ፤ ከጋፋት እስከ አርብ ገበያ

መግቢያ

ማንኛውም የትምህርት ዕቅድ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። ማንን እናሠልጥን? ለምን ዓይነት ሥራ? የት ለሚገኝ ሥራ? በአገራችን የሰው ኃይል ዕቅድ ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች በተደጋጋሚ ተጠይቀዋል፤ ምላሽም ተሰጥቶባቸዋል። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ታልፏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ጥያቄው መታለፉ ያስከተለውን ውጤት ከአንድ አካባቢ ታሪክ በመነሣት መመርመር ነው።

ለዚህ የተመረጠው አካባቢ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ በተለይም የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ አርብ ገበያ ነው። አካባቢው ድርቅ የሚደጋገምበትና በፋብሪካ የማይታወቅ ነው። ይሁን እንጂ ባለሙያን አሠልጥኖ፣ መዝኖና አሠማርቶ በማኖር ረገድ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት የነበረ ረጅም ታሪክ አለው። ይህንን ታሪክ የሚያውቅ መምህርም ሆነ የዕቅድ ባለሙያ የዛሬውን ችግር በተለየ ዓይን ያየዋል የሚል እምነት አለን።

1. በአጥቢያ የተለካ የሰው ኃይል

«የሰው ኃይል ዕቅድ» የሚለው አነጋገር አዲስ ቢሆንም አሠራሩ ለጋይንት ባዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ በድምሩ 5 አገልጋዮች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አሥር አጥቢያ ያለበት አገር ከ50 ያላነሱ አገልጋዮች እንደሚያሻው ማንም የመንደር ሽማግሌ ያውቅ ነበር። ዲያቆኑ ሲቀስስ ወይም ቄሱ ሲያርፍ የጎደለው ቦታ ወዲያውኑ ይታያል፤ የሚተካውም ልጅ ከዚያው አጥቢያ ይፈለጋል።

የከፍተኛው ትምህርት አደረጃጀትም እንዲሁ የታሰበበት ነበር። ተማሪው ድጓን ከየትኛውም መምህር ሊማር ይችላል። የድጓ ማስመስከሪያው ግን በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ናት። ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም የጎንደር በዓታ፣ ለቅዳሴ ዋድላ የሚገኘው ሰለልኩላ የታወቁ ማስመስከሪያዎች ነበሩ። የድጓ ተማሪ ዜማውን ብቻ አያጠናም። እንደ ልማዱ የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል፤ ስለዚህም ከብራናና ከቀለም ጋር ይተዋወቃል።

ከዚህ አሠራር ሦስት ነገሮችን ልብ ይሏል። አንደኛ፣ የተፈላጊው ሰው ብዛት ከታች፣ ከአጥቢያው ይታወቅ ነበር። ሁለተኛ፣ ለሠለጠነው ሰው መተዳደሪያ የሚሆን የአገልግሎት መሬት ነበረው፤ ይህ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ እስኪቀር ድረስ ቆይቷል። ሦስተኛ፣ የሙያው መለኪያ የሚገኘው በመናገሻ ከተማ ብቻ አልነበረም፤ በገጠርም ጭምር እንጂ። እርግጥ ሥርዓቱ ጉድለት ነበረበት። በአብዛኛው ለወንዶች የተከፈተ፣ የእጅ ሙያን ከትምህርት ውጭ ያስቀረ ነበር። ይህ ጉድለት ወደ ጋፋት ታሪክ ይመራናል።

2. ጋፋት፤ ሥር ያልሰደደ ሥልጠና

ከደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት በ1850ዎቹ ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ የጦር መሣሪያ መሥሪያ ነበረች። ከአውሮፓ የመጡ ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎች በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ መድፍ አቅልጠው ይሠሩ ነበር። በዚያው ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ፊደልና የእጅ ሥራ እንዲማሩ ተደርጓል። ይህም በአገራችን ትምህርትንና የቴክኒክ ሥራን በአንድ ቦታ ለማገናኘት ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ነው።

የሙከራው ፍጻሜ ግን አሳዛኝ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ ሴባስቶፖል የተባለውን፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፍ ይዘው ነበር። ገደሉ እየተናደ፣ መንገዱ እየተደለደለ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ጉዞው እስከ መጋቢት ዘለቀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ፤ መድፉም እዚያው መቅደላ ቀረ።

የጋይንት ሕዝብ ለዚያ ታላቅ ሥራ መተላለፊያ ሆነ እንጂ ከሙያው ተካፋይ አልሆነም። የብረት ማቅለጡ ዕውቀት በአገሬው ቀጥቃጭ እጅ አልገባም። ሥልጠናው የተተከለው በአንድ ታላቅ ሰው ፈቃድና በአንድ ጊዜ ጉዳይ ላይ ስለ ነበረ፣ ሰውየውና ጉዳዩ ሲያልፉ አብሮ አለፈ። የቤተ ልሔም ድጓ ከነመለኪያው ለትውልድ ሲተላለፍ የጋፋት ብረት ያልተላለፈበት ምክንያት ይኸው ነው።

ለዚህ ሌላም ምክንያት ነበር። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ሕዝቡ ያለ እነርሱ መኖር የማይችል ቢሆንም በስድብ ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ መውጣቱ ራሱ የንቀቱን ጥልቀት ያሳያል። በማግስቱ ዓመት የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ግን በዋነኛነት የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ የጽሕፈትና የአስተዳደር ሰው ለማፍራት የታሰበ ስለ ነበር፣ በአዋጁ የተከበረው የእጅ ሙያ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ አልገባም።

3. የዕቅድ ዘመንና ያልተቆጠሩት

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ዕውቀት ያለው ሰው እጥረት ስለ ጠና በ1934 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የተለየ ዐሳብ ይዞ ተነሣ። የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ጠባቂውን በገጠር ጤና ጣቢያ በአንድነት እንዲሠሩ አድርጎ ያሠለጥን ነበር። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትም በዚያው ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለ ነበር ሥልጠናና ሥራ ጎረቤት ሆነው ታይተዋል። ሁለቱም «የት?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድመው በመመለሳቸው የሚጠቀሱ ናቸው።

በአገር አቀፍ ደረጃ ግን የዕቅዱ አሠራር ሌላ ነበር። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የአምስት ዓመት ዕቅዶች ሲወጡ፣ በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገው የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ ትምህርት ከኢኮኖሚ ዕድገትና ከሰው ኃይል ፍላጎት ጋር እንዲታቀድ አሳሰበ። ይህ በዘመኑ የዓለም አስተሳሰብ ነበር። በናይጄሪያ የአሽቢ ኮሚሽን በ1960 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ጥናትም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነው። የኢኮኖሚው ዕድገት በየዘርፉ ይገመታል፤ ከዚያ የሚያስፈልገው ባለሙያ ቁጥር ይሰላል፤ ቁጥሩም ወደ ትምህርት ቤት ወንበር ይለወጣል።

ስሌቱ በራሱ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ የቆጠራው መነሻ ላይ ነው። መረጃ የሚሰበሰበው ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከታወቁ ድርጅቶች ነበር። የከፍተኛና የመካከለኛ ኢንዱስትሪ ጥናት ለረጅም ዘመን ያካተተው በሞተር ኃይል የሚሠሩና 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸውን ድርጅቶች ነው። የጎጆ ኢንዱስትሪና የእደ ጥበብ ጥናት አልፎ አልፎ ቢደረግም ለትምህርት ዕቅድ መነሻ ሆኖ የሚወሰደው ይኸኛው አልነበረም። በዚህ መለኪያ አርብ ገበያን የሚያይ ባለሙያ መምህሩን፣ ጸሐፊውንና የጤና ሠራተኛውን ያገኛል። ማረሻ የሚስለውን፣ ጋቢ የሚሸምነውን፣ ምጣድ የምታበጀውን አያገኝም። ያልተቆጠረ ሙያ እጥረቱም አይታወቅም፤ እጥረቱ ያልታወቀ ሙያ ደግሞ ሥርዓተ ትምህርት አይቀረጽለትም።

4. የ1964 ዓ.ም. ጥናትና የወላጆች መልስ

በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ችግሩን ተገንዝቦ ነበር። ለአብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለመስጠትና ትምህርቱን ከገጠር ኑሮ ጋር ለማስተሳሰር ዐሳብ አቀረበ። ሆኖም ጥናቱ ይፋ ሲሆን መምህራንና ወላጆች አጥብቀው ተቃወሙት፤ በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. የተነሣው የመምህራን የሥራ ማቆም አድማም ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር።

ተቃውሞውን ካለማወቅ የመነጨ አድርጎ ማየት ትክክል አይደለም። ፊሊፕ ፎስተር የተባለው ሊቅ በጋና ያደረገውን ጥናት መሠረት አድርጎ በ1965 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ተማሪዎች ከእጅ ሙያ ይልቅ የቢሮ ትምህርትን የሚመርጡት ደመወዙና ክብሩ ያለው በዚያ መሆኑን በትክክል ስለሚያውቁ ነው። የጋይንት ገበሬም ልጁ አራተኛ ክፍል ጨርሶ ወደ እርሻው እንዲመለስ ሲነገረው፣ የከተማው ልጅ የሚሄድበት መንገድ ለእርሱ ልጅ እንደ ተዘጋ ተሰማው። ሥርዓተ ትምህርት ብቻውን ለሙያ ክብር ሊሰጥ አይችልም፤ ክብሩ በገቢና በማስረጃ መደገፍ ይኖርበታል።

ከ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ጀምሮ ተማሪውን ወደ ገጠር የማቅረብ ጥረት ተደርጓል፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙ ሕዝብ ፊደል አስቆጥሯል። በዚያው ዘመን ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ በቻይናውያን ባለሙያዎች ተሠራ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሴፍቲ ኔት ፕሮግራም በሺህ የሚቆጠሩ የአካባቢው ሰዎች እርከን ሠርተዋል፤ የገጠር መንገድም ጠርገዋል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁሉ ሥራዎች የአገሬው ሰው በብዛት የተመዘገበው እንደ ጉልበት ነው። ድንጋይ የሚጠርበው እጅ ሥራው ሲያልቅ ምን ያህል ሙያ ይዞ እንደ ወጣ የሚመዘግብ ቅጽ በዕቅዶቹ ውስጥ ጎልቶ አልታየም።

5. በአንድ ክፍል የተደረገ ቆጠራ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በሥርዓተ ትምህርት ክፍል ይሠራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነዚሁ ወረዳዎች ለመጡ ዕጩ መምህራን አንድ የክፍል ሥራ ሰጥቶ ነበር። ሥራው በትውልድ ቦታቸው በገበያ ቀን የሚታዩትን ሙያዎች በሙሉ እንዲዘረዝሩ፣ ከዚያም በትምህርት ቤት የሚገኘውን ሙያ ብቻ እንዲያሰምሩበት የሚጠይቅ ነበር። ዝርዝሩ ረጅም ሆነ። ማረሻና ማጭድ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ አናጢ፣ ግንበኛ፣ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ ሞባይል ጠጋኝ ተጻፈ። የተሰመረበት ግን ጥቂት ነበር።

በዚያው ወረቀት ላይ የወላጅ ሥራ የሚሞላበት ቦታ ነበር። አንድ ሠልጣኝ «ገበሬ» ብሎ ከሞላ በኋላ ክፍሉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀርቶ፣ «መምህር፣ አባቴ ቀጥቃጭ ነው፤ በሰው ፊት መጻፍ አፍሬ ነው» አለ። ከዐፄ ምኒልክ አዋጅ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ወጣቱ መምህር ለመሆን እየተዘጋጀ ነው። ነገ በሚያስተምርበት ክፍል ደግሞ የሌላ ቀጥቃጭ ልጅ ይቀመጣል። ይህ ወጣት የአባቱን ሙያ ሊናገር ካፈረ፣ ስለ ሙያ የተጻፈውን ምዕራፍ በምን አንደበት ያስተምረዋል? የባለሙያ እጥረት ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ዝምታ መሆኑን የዕቅድ ባለሙያዎች ሊያስተውሉት ይገባል።

ማጠቃለያ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅና በተለይም የ2000 ዓ.ም. ስትራቴጂ አንድ ታላቅ ለውጥ አምጥተዋል። በስትራቴጂው መሠረት የሙያ ማረጋገጫ የሚሰጠው በትምህርት ዘመን ብዛት ሳይሆን በብቃት ምዘና ነው፤ ሙያው ከየትም ይገኝ፣ ከአባትም ቢሆን፣ ተመዛኙ መለኪያውን ካለፈ ይመሰከርለታል። ይህ ከውጭ የመጣ ዐሳብ ቢመስልም ለጋይንት እንግዳ አይደለም። ከየትም ተምሮ ቤተ ልሔም ላይ የሚያስመሰክር የድጓ ተማሪ የኖረው በዚሁ ሕግ ነው።

ስለዚህ ከታሪኩ የሚከተሉትን ሦስት ዐሳቦች ማውጣት ይቻላል።

ሀ) የወረዳ የሰው ኃይል ጥናት ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ብቻ ሳይሆን ከገበያ ቀን ይጀምር። በአንድ ዓርብ ማን ምን ሠርቶ እንደሚሸጥ፣ ገዥው ምን ፈልጎ አጥቶ እንደሚመለስ፣ የየሙያው ባለቤት ዕድሜና ተተኪው በጽሑፍ ይያዝ። ይህንን ሥራ የየትምህርት ቤቱ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር በአነስተኛ ወጪ ሊያከናውኑት ይችላሉ።

ለ) ምዘናው ወደ ባለሙያው ይቅረብ። የሙያ መለኪያ በገጠር ሊኖር እንደሚችል የቤተ ልሔም ታሪክ በቂ ምስክር ነው። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ተመዝነው ማስረጃ ሲይዙ ተለማማጅ ተቀብለው የማሠልጠን መብትና ክፍያ ሊኖራቸው ይገባል።

ሐ) በመምህራን ማሠልጠኛዎች የአካባቢ ሙያ ታሪክ ራሱን የቻለ የትምህርት ርእስ ይሁን። የሙያ ክብር በአዋጅ ብቻ እንደማይገኝ አይተናል፤ በመምህሩ አንደበት ዕለት ዕለት መነገር አለበት።

ጋፋት ያለፈችው መድፍ መሥራት ስላቃታት አይደለም፤ ሥልጠናዋ ከአገሬው ቀጥቃጭ ጋር ስላልተገናኘ እንጂ። ያንን ሠልጣኝ በሚቀጥለው ጊዜ ስንጠይቀው የአባቱን ሙያ ቀና ብሎ እንዲጽፍ ካስቻልነው፣ የወረዳው የሰው ኃይል ዕቅድ የመጀመሪያ መስመሩ ተጻፈ ማለት ነው።