ዳሞታና የረጋ አየር

የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን፣ ጊፋታን፣ የሚያገኘው ሰማይ አይቶ ነው። የጨረቃን ሂደት የሚቆጥሩ አዋቂዎች ቀኑን ይለያሉ፤ በዓሉም ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል። ዛሬ ሰማይን በካሜራ ማስቀረት ለሚሻ የወላይታ ሶዶ ከተማ ወጣት ደግሞ ሌላ ንባብ ተጨምሮበታል፤ የአየር ንባብ።

በጋለ የከሰል ምድጃ አናት ላይ አሻግሮ ግድግዳ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። የሞቀና የቀዘቀዘ አየር ሲደባለቅ ብርሃን ይታጠፋል፤ ግድግዳው የሚዋኝ ይመስላል። ኮከብ የሚርገበገበውም፣ የጁፒተር ፎቶ የሚደበዝዘውም በዚሁ ነው።

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ»፣ መፍትሔው የረጋ አየር እንደሆነና እሱም ምናልባት በረጃጅም ተራሮች አናት እንደሚገኝ ጻፈ። በ1856 ቻርልስ ፒያዚ ስሚዝ ቴሌስኮፑን ይዞ የቴነሪፍ ደሴትን ተራራ ወጣና ሐሳቡን በተግባር ፈተነው። ቀጥሎ የሃርቫርዱ ዊልያም ፒከሪንግ በ12.7 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ እያየ ከ1 እስከ 10 የሚደርስ የአየር እርጋታ መለኪያ አወጣ። በ1 የኮከቡ ምስል ተበታትኖ ይፈርሳል፤ በ10 በነጥቡ ዙሪያ ያሉት የብርሃን ቀለበቶች ሳይነቃነቁ ይታያሉ።

በአገራችን በ3,200 ሜትር ከፍታ እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የአዲስ አበባ መብራት ስለሚጫናቸው ግን ለትልቅ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ የላሊበላ ከፍታዎች ሲጠኑ ቆይተዋል።

ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው የዳሞታ ተራራ ከሶዶ አናት ቆሟል። ሆኖም ከፍታ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ቀን የጋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ማታ ሙቀቱን ሲተፋ ከላዩ ያለው አየር ይታመሳል፤ ስለዚህ ቴሌስኮፕ የሚተከለው ከጣሪያ ርቆ፣ ሣር ላይ ነው። ቀጥሎ የሚታየው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ነፋስ ነው፤ ትንበያው እዚያ ፈጣን ነፋስ ካሳየ ምስሉ መናወጡ አይቀርም። በክረምት ከምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የላይኛው ነፋስ ከደመናው ጋር በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በበጋ ደመናው ይሳሳል፤ ኃይለኛው የምዕራብ ነፋስም ከእኛ በስተሰሜን ርቆ ይጓዛል።

የጊፋታ ቆጣሪዎች ለእውቀታቸው የበቁት ሌሊቱን ደጋግመው አይተው ነው። ለሶዶ ወጣትም መነሻው ደብተር ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋስ፣ የፒከሪንግ ቁጥር። አንድ በጋ ሙሉ የተሞላ ደብተር፣ ዳሞታ አየሩን በየትኛው ሰዓት እንደሚያረጋ ከማንም በፊት ለባለቤቱ ይነግረዋል።