መኪና በጠባብ ሲታጠፍ የሚሰማ ድምፅ፦ መንስኤዎቹና መፍትሔዎቹ

መኪና በቀጥታ መንገድ ሲጓዝ ተሰውሮ የሚቆይ ብልሽት፣ መሪው እስከ ጥግ በሚዞርበት ጊዜ ራሱን ይገልጣል። በመኪና ማቆሚያ ሥፍራ ወይም ዞሮ በመመለስ ወቅት የፊት ጎማዎችን የሚይዙትና የሚያዞሩት ክፍሎች ከወትሮው የበለጠ ጫና ስለሚሸከሙ፣ የላላ፣ የደረቀ ወይም ያረጀ ክፍል ድምፅ ያሰማል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሹፌርነት ለሚተዳደሩ ወገኖች፣ ድምፁን ለይቶ ማወቅ የተሳፋሪን ሕይወት የመጠበቅና ከአላስፈላጊ ወጪ የመዳን ጉዳይ ነው።

ቋ፣ ቋ የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ

መሪው ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ የሚሰማና ከጎማው ፍጥነት ጋር የሚፋጠን ከሆነ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ኃይልን ከካምቢዮ ወደ ጎማ በሚያደርሰው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ሲቪ ጆይንት ነው። ይህ መገጣጠሚያ ግሪስ በያዘ የጎማ ሽፋን የታሸገ ነው። ሽፋኑ በሙቀትና በእርጅና ሲሰነጠቅ ግሪሱ ይፈስሳል፤ በምትኩም አሸዋ ይገባል። ሽፋኑ ተቀድዶ ድምፅ ገና ካልተሰማ፣ መገጣጠሚያውን አጥቦ፣ ግሪስና ሽፋን መቀየር ሊበቃ ይችላል። ድምፁ ከጀመረ ግን መገጣጠሚያው ወይም ዘንጉ በሙሉ ይቀየራል።

ለማረጋገጥ፣ ሰው በሌለበት ሰፊ ሥፍራ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ፣ መኪናውን በዝግታ በመጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎም ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ወደ ግራ ሲዞር ድምፁ ከበረታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የቀኙ ነው፤ በተቃራኒው ሲሆንም እንዲሁ።

የማቃሰት ወይም የጩኸት ድምፅ

መኪናው ቆሞ እንኳ መሪው ሲዞር የሚያቃስት ከሆነ፣ የመሪ ዘይት መጉደሉ ወይም አየር መግባቱ ይገመታል። ዘይቱ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ በመያዣው ላይ ባለው ምልክት ይለካል። ከጎደለ አምራቹ ያዘዘውን ዓይነት ብቻ መጨመር ይገባል፤ የፍሬን ዘይት ግን የመሪውን ጎማ ነክ ማሸጊያዎች ስለሚያበላሽ ፈጽሞ አይጨመርም። ዘይቱ ደጋግሞ የሚጎድል ከሆነ የሚያፈስስ ቦታ አለና፣ መጨመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ስል የሆነ ጩኸት ደግሞ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ መላላቱን ወይም ማርጀቱን ያመለክታል።

መሪው ጥግ ከደረሰ በኋላ አጥብቆ መያዝ ፓምፑን ስለሚያሞቀው፣ ጥቂት ወደ ኋላ መልቀቅ መልካም ልማድ ነው። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ ያላቸው በርካታ አዳዲስ መኪናዎች የመሪ ዘይት የላቸውም።

የመንጓጓትና የመሰበቅ ድምፅ

ጎማው ሲዞር ወይም ጉብታ ሲያልፍ ጓ የሚል ከባድ ድምፅ ከተሰማ፣ ቦል ጆይንት፣ ታይሮድ ወይም የፊት ሞላው የላይኛው መቀመጫ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ ያረጀ ቦል ጆይንት በጉዞ ላይ ቢለያይ ጎማው ወደ ጎን ይወድቃል፣ መኪናውም ከቁጥጥር ውጭ ይሆናል። መሪው የሚንቀጠቀጥ ወይም ክፍተት ያለው ሆኖ ከተሰማ መኪናውን ማሽከርከር አቁሞ፣ በአረብኛ ሰጥሃ በሚባለው ጫኝ መኪና ወደ ጋራዥ ማስወሰድ ይገባል። ታይሮድ ከተቀየረ በኋላ የጎማ አላይመንት መሠራት አለበት፤ አለዚያ አዲስ ጎማ በአጭር ጊዜ ይበላል።

ብልሽት ያልሆኑ ድምፆች

የተቀባና የለሰለሰ የመኪና ማቆሚያ ወለል ላይ ጎማ ሲጮኽ ብልሽት አይደለም። በአሸዋ ላይ በአራት ጎማ ኃይል ሲጓዝ ቆይቶ ወደ ደረቅ አስፋልት የተመለሰ መኪናም በጠባብ ሲታጠፍ ሊያዝና ሊንገጫገጭ ይችላል፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ የተለያየ ርቀት ስለሚጓዙ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ክፍል ይጨናነቃልና። መፍትሔው ወደ ሁለት ጎማ ኃይል መመለስ፣ ወይም የተቆለፈውን ዲፈረንሻል መፍታት ነው። ሳይመለስ በዚያው ከቀጠለ ግን ማርሾቹን ይጎዳል።

ከመካኒክ ጋር መነጋገር

ሹፌሩ ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት አራት ነገሮችን ቢመዘግብ ይጠቅመዋል፦ የድምፁን ዓይነት፣ የሚሰማበትን ጎን፣ መኪናው ቆሞ ወይስ ሲሄድ መሆኑን፣ እንዲሁም ነዳጅ ሲሰጥ መለወጥ አለመለወጡን። በብዙ የባሕረ ሰላጤው አገሮች መሪ ሱካን፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ደረክሶን ሲባል፣ የቋቋታ ድምፅ ጠቅጠቃ ይባላል። ድምፁን በስልክ ቀድቶ ማሰማት የቋንቋን ክፍተት ይሞላል።

የተቀጠረ ሹፌር የሰማውን ድምፅ ወቀሳን ፈርቶ መደበቅ የለበትም። ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ ጠቅሶ ለመኪናው ባለቤት በጽሑፍ ማሳወቁ፣ ጥገናው በወቅቱ እንዲፈጸም ከማድረጉም በላይ ኃላፊነቱን መወጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይሆነዋል። በራሱ ለመፈተሽ ቢሻም፣ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ መግባት የለበትም።